ከባዶ መቁጠር

እኔ ከአንድ ነው የምቆጥረው። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ደግሞ ከአንደኛና ከሁለተኛ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ከባዶኛ ክፍል የጀመረ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ጥልፍ ስጠልፍም ያው ነው። የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ተማሪ ደረቱ ላይ የሚያሰፋው አርማ፣ ሁሉም መጀመሪያ ካሬ በተሰመረ ወረቀት ላይ ይነደፋል፤ ከዚያ ካሬው እየተቆጠረ ጨርቁ ላይ ይወርዳል። አንድ ካሬ የሳተች የጽጌረዳዋ አንገት ይጣመምባታል። ሁለት የሳተች ርግቧ አሞራ ትሆንባታለች። እኔ ስቼ አላውቅም ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። የመጣብን ነገር በቁጥር ስለመጣ ከቁጥሩ ልጀምር ብዬ ነው።

የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ አሥራ አራት የጣውላ ደረጃ ተወጥቶ። አምስተኛው ደረጃ የተሰነጠቀ ነው፤ ሲረገጥ እንደ አሮጊት ያቃስታል። ባሌ ይዘለዋል። ልጄ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስለምትወጣና ስለምትወርድ አምስተኛው ጋ እግሯ አያርፍም። እኔ እረግጠዋለሁ፤ ለተሰነጠቀ ጣውላ ብዬ እግሬን አላነሳም። ስለዚህ በሩን ሳልከፍት ማን እንደመጣ አውቃለሁ።

ከእኛ በታች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ሽቦ ይኖራል። ሽቦ ስሙ አይደለም፤ ከሬዲዮ እስከ ልብስ ማጠቢያ የተበላሸ ነገር ሁሉ ስለሚጠግን፣ ራሱም ቀጭን ስለሆነ የወጣለት ነው። ባሌ ጀልባ ነጂ ነው። ሰውና ጆንያ ጭኖ ሐይቁን ሲሻገር ይውላል። እኛ ካፒቴን እንለዋለን፤ እንደማይወደው ሆኖ ይወደዋል። ልጃችን አንድ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። አምስተኛዋ አመዴ ናት፣ ግራጫ ድመታችን፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ፣ ከእኔ ቀጥሎ የቤቱ አለቃ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ ተሳፋሪ ጀልባው ላይ የእጅ ጌም ረስቶ ወረደ። ካፒቴን ባለቤቱን ዓመት ሙሉ ጠብቆ ሲያጣ ለልጁ አመጣላት። መዳፍ የምታህል፣ በጎን ካሴት የሚሰካባት ነገር ነበረች። ሁለት ካሴት ነበራት፤ አንደኛውን የመንደሩ፣ ሁለተኛውን የጉድጓዱ እንላቸዋለን። ዘንድሮ የጌሟ መስታወት ሞተ። ሽቦም ካሴቶቹ ውስጥ ያለውን ገልብጦ ልጄ ኮምፒውተር ላይ ጫነላት።

«ኢሙሌተር ይባላል እማ» አለችኝ። «ኮምፒውተሩ ራሱን ያችን የእጅ ጌም ያስመስላል።»

«አስመሳይ ቤቴ ገባ በይኛ።»

ኮምፒውተሩም ከሽቦ የመጣ አሮጌ ነው። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ከግድግዳው ከተነቀለ ወይም ኤሌክትሪክ ከጠፋ በዚያው ቅጽበት ድርግም ይላል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ጠራችኝ። ከመንደሩ ጌም ውስጥ አንድ ሰውዬ አውጥታ መስታወቱን እስኪሞላ አግዝፋዋለች። አየሁት። ሰውዬው ካሬ ነው። ወደ ጎን አሥራ ስድስት፣ ወደ ታች አሥራ ስድስት።

«ይሄማ ጥልፍ ነው» አልኩ።

«ለዚህ ነው የጠራሁሽ። እዪ እዚህ፣ ይሄ የጌሙ ማስታወሻ ነው፤ ማሰቢያው በይው።» በቁጥርና በፊደል የተሞላ መስኮት ከፈተች፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ። «እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ካሬ ቀለም ነው። እኔ ቁጥሩን ስቀይር ጌሙ እየሄደ እያለ ሰውዬው ይቀየራል።»

አንዱን ቁጥር ነካችው። የሰውዬው ባርኔጣ ላይ ቢጫ ነጥብ በቀለ። ሰውዬው ሳያውቅ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ደነገጥኩ፤ ግን ወደድኩት። ወረቀቴን አመጣሁ።

በዚያ ሳምንት አምስታችንን ነደፍኩ። ካፒቴንን ከነቢጫ ባርኔጣው። ሽቦን ኤሌክትሪክ የያዘው ይመስል ጸጉሩን አቁሜ። አመዴን በተቆረጠው ጆሮዋ፤ ጆሮው ሦስት ካሬ ነው የወሰደብኝ። ልጄን በቀይ የአንገት ልብሷ። ራሴን መርፌ አስይዤ። ልጄ ካሬውን ወደ ቁጥር እየለወጠች አስገባችው፤ የመንደሩ ሰዎች ወጥተው እኛ ገባን። ካፒቴን ማታ ገብቶ ሲያይ ወንበሩ ላይ ሊወድቅ ደረሰ በሳቅ።

«አንቺ ሴት፣ ሆዴን ለምን ዘረጋሽው?»

«አራት ካሬ ነው የሰጠሁህ። በልክህ ቢሆን ስድስት ነበር።»

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ልጄ ግን የጉድጓዱን ጌም ከፈተች። በእሱ ውስጥ አምስት ቆፋሪዎች ፋኖስ ይዘው ጉድጓድ ይወርዳሉ። በየወለሉ አንድ ሰው ይቀራል፤ በተራ ነው የሚቀረው። ፋኖሱ ይርቀዋል፣ ያንሳል ያንሳል፣ አንድ ካሬ ይሆናል፣ ከዚያ የለም። መጨረሻ ላይ አንዱ ብቻ ፋኖሱን ይዞ ይወጣል። ልጄ እኛን ከመንደሩ አንሥታ በቆፋሪዎቹ ቦታ አስገባችን።

«ሰው ከመንደሩ ጉድጓድ ይወሰዳል?» አልኳት።

«እማ፣ ምስል እኮ ነው።»

«ምስሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። አልወደድኩትም።»

«አንቺን እኮ መጨረሻ ነው ያደረግኩሽ። ፋኖሱን ይዘሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ። አንቺ ለማን ቦታ ትለቂያለሽ?»

ሰው ማቀያየሪያ አንድ ትንሽ መስኮት ሠርታ ነበር። ሁለት ሳጥንና አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው፤ በአንዱ ሳጥን የአንዱን ቁጥር፣ በሌላው የሌላውን ትጽፊና «ቀይር» የሚለውን ትጫኛለሽ። ቦታ ይለዋወጣሉ። እስቲ ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ፤ ራሴንና ድመቷን ላቀያይር። አምስትና ሁለት ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ጮኸና እምቢ አለ።

«አምስት የለም እማ። ከባዶ ነው የሚጀምረው። ሽቦ ባዶ ነው።»

«እሱስ ድሮም ነው።»

«ቁጥሩን ነው የምልሽ! ሽቦ ባዶ፣ አመዴ አንድ፣ አባዬ ሁለት፣ እኔ ሦስት፣ አንቺ አራት።»

«ስንት ነን?»

«አምስት።»

«አምስተኛው የት ገባ?»

«አንቺ ነሽ አምስተኛዋ። ቁጥርሽ ግን አራት ነው።»

«እዪ፣ ልጄ» አልኳት። «ባዶ ማለት ምንም ማለት ነው። ምንም አይቆጠርም። ሆድ እንኳ ባዶ ይጠላል።»

«ኮምፒውተር ሆድ የለውም።»

«ለዚያ ነዋ የማይገባው።»

ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። ከአንድ ካልጀመረ እጄን አላስገባም ብዬ እርሳሴን አስቀመጥኩ። በቅሎ ናት አለች። በቅሎ ነኝ አልኩ። በአራተኛው ቀን የክር ቆርቆሮዬ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ፤ በእሷ እጅ ጽሕፈት የአምስታችን ስም በተራ ተጽፎበታል።

«ወረቀቱን አየሽው እማ?»

«አየሁት። ስማችን ነው።»

«ጀርባውንስ?»

«የወረቀት ጀርባ ምን ያደርግልኛል?»

ሳቀች። «ስታይው ትስቂያለሽ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔም ለማየት አልተነሣሁም። እዪ ካሉኝ አላይም፤ አመሌ ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ልጄ የመጀመሪያውን ወለል ወረደች። ሽቦ ቀረ። ጸጉሩ እንደቆመ አነሰ፣ አነሰ፣ ጠፋ። ማክሰኞ ዕለት እውነተኛው ሽቦ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊቀጥል መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀ፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ካፒቴን የጌሙን ነገር ሲነግረው አልጋው ላይ ሆኖ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ፣ «እትዬ! በመርፌሽ ነው የወጋሽኝ!» እያለ ጮኸ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ምርኩዝ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ደረጃችንን ረግጦት አያውቅም። ሻይ ሲያምረው በምርኩዙ ጫፍ ጣሪያውን አንዴ ይደበድባል። ሌላ ነገር ሲፈልግ ሁለቴ። እኔ ነኝ የምወርደው።

ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ልጄ ሁለተኛውን ወለል እየወረደች ሳለ መሃል ላይ ኤሌክትሪክ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ድርግም። ሲመጣ መልሳ ብትከፍተው ጌሙ ራሱ ሁለተኛውን ወለል ጨርሶ ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ አመዴን ቀርታለች ብሎ ቆጥሯታል። የዚያን ቀን አመዴ እራቷን ልትበላ አልመጣችም። ዘጠኝ ዓመት ከእኛ ጋር ስትኖር እራት አምልጧት አያውቅም። በጓሮ፣ በጣሪያ፣ በሽቦ ዕቃ መሃል ፈለግናት። ካፒቴን ጀልባ ማቆሚያው ድረስ ስሟን እየጠራ ሄደ፤ ያን የሚያህል ሰው «አመዴ፣ አመዴ» ሲል ዓሣ ሻጮቹ ሳቁበት።

ልጄ አልሳቀችም። ሦስተኛው ወለል ላይ ጌሙን አቆመችው፤ መስታወቱ ላይ የጉድጓዱ አፍና የሚነድ ፋኖስ ብቻ ይታያል። ሰዎቹ የሚታዩት መውረድ ሲጀምሩ ነው።

«ሦስተኛው አባዬ ነው» አለችኝ በቀስታ።

«ታዲያ አጥፊው።»

«ባለፈው ሲጠፋ እኮ ነው አመዴ የቀረችው።»

«ታዲያ ከዚያ አውጪው።»

«ማውጣት የሚባል የለም እማ። መለወጥ ነው ያለው። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። በአባዬ ቦታ ማንን ላስገባ?»

«ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶሽ በስዕል ትፈሪያለሽ?» ብዬ ተቆጣኋት። ካፒቴንማ ጭራሽ አሾፈ። «ሐይቁ ያልወሰደኝን ሰው አራት ካሬ ሆድ ይዤ ጌም ይወስደኛል?» እያለ ባርኔጣውን እየነቀነቀ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ግን ከግድግዳው ሳይነቀል፣ ጌሙ እንደቆመ፣ ፋኖሱ እንደነደደ ዘጠኝ ቀን ከረመ። አቧራ ስጠርግ በዙሪያው እጠርጋለሁ። ቁጣዬ ለልጄ ነበር እንጂ ገመዱን ልንቀል ብዬ እጄን አልዘረጋሁም። ያን ጊዜ ይህን ለራሴም አልነገርኩም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፣ እኩለ ቀን ላይ ነፋስ ተነሣ። በሐይቁ በኩል ያለው ሰማይ ያልታጠበ ድስት ቂጥ መሰለ። የጎረቤት ቆርቆሮ መጮህ ጀመረ። ካፒቴን ጠዋት ተሻግሯል፤ ከወዲያ ማዶ የሚመለሰው ከሰዓት ነው። ልጄ ደወለች። አያነሣም፤ ውሃ እንዳይነካው ስልኩን ቆርቆሮ ውስጥ ዘግቶ ነው የሚያስቀምጠው።

«ጀልባ ማቆሚያው ጋ ሬዲዮ አላቸው። እንዳይነሣ እንዲነግሩት ላድርግ» አለች፣ ቀይ የአንገት ልብሷን እያሰረች።

«በዚህ ነፋስ?»

«ዳር ላይ ነው የምቆመው እማ። ውሃ ውስጥ ልገባ ነው እንዴ?»

«ዳርም ዳር አለው።»

በሩ ጋ ስትደርስ ዘወር ብላ ኮምፒውተሩን አየችው። «ኤሌክትሪኩ ብቻ እንዳይጠፋ» አለችኝ። ኤሌክትሪኩን በእጄ የያዝኩት ይመስል። ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወርድ ሰማኋት፤ ሰባት ርምጃ፣ ከዚያ የታችኛው በር።

ጥልፌን አነሣሁ። የአንድ ሙሽራ ትራስ ልብስ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ወይን ያለበት። አምፖሉ አንዴ ጠቀሰ። ቆጠራዬን ያዝኩ። ሁለተኛ ጠቀሰ። ጣቴን ወጋሁ። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ መርፌ ይዤ፣ የሰው ጨርቅ ላይ ደም ሲነካብኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሞኝነት ነው አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ባዶ ቤት ውስጥ። መሰላል ላይ የወጣ ይወድቃል። ድመት ትጠፋለች። ሐይቅ በነፋስ ይናወጣል። ይሄ ሁሉ ጌም ከመፈጠሩ በፊትም ነበር። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሦስተኛ ጊዜ አምፖሉ ደብዝዞ እንደ ፋኖስ ቀይ ሆኖ ቆየ። ያኔ ተነሣሁ።

ልጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የጉድጓዱ አፍ አለ፤ ፋኖሱ አለ። በጎኑ ሁለቱ ሳጥኖች። ልቤ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። በካፒቴን ቦታ ማን ይግባ? ልጄ ያልመለሰችው ጥያቄ ለእኔ ከባድ አልነበረም። ለማንም ቦታ አትለቅም ይሉኛል። ለእሱ እለቃለሁ። እኔ የቤት ሰው ነኝ፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠችን ሴት ሐይቅ አይወስዳትም። የሚወስደኝ ነገር ካለም ደረጃውን ወጥቶ ይምጣ።

እጄ ሦስትና አምስት ሊጽፍ ሄደ። ለሠላሳ ዓመት ከአንድ የቆጠረ እጅ ነው። ያዝኩት። አይ፣ አልኩ፣ ዛሬ የግትርነት ቀን አይደለም። በዕድሜሽ አንዴ እንኳ የተነገረሽን ስሚ። እየጮኸ እምቢ ያለሽን ቀን አስታውሺ። ልጄ እንዳስተማረችኝ፣ በጣቴ ጠረጴዛውን እየነካሁ ቆጠርኩ። ሽቦ ባዶ። አመዴ አንድ። ካፒቴን ሁለት። ልጄ ሦስት። እኔ አራት።

በአንደኛው ሳጥን ሁለት ጻፍኩ። በሌላው አራት። «ቀይር» የሚለውን ተጫንኩ።

ኮምፒውተሩ አልጮኸም። ጠብ እንደምትል ውሃ ያለ ትንሽ ድምፅ አሰማ፣ እሺ የሚልበት ድምፁ ነው። ልጄ ስትጨርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው «አስቀምጥ» የሚለውንም ተጫንኩ፤ እንዳይመለስ። ጣቴን ሳላነሣ ኤሌክትሪኩ ጠፋ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ፍሪጁ እንኳ ተንፍሶ ዝም አለ። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴ ፊት ብቻ ነበር። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም፤ ደረቴን ይሆናል፣ ጣሪያውን ይሆናል። የልብ ምቴን ቆጠርኩ፤ ከአንድ። እስከ መቶ። እንደገና እስከ መቶ። ምንም የለም። ጣቴ ላይ ያለው ደም እንኳ ደርቋል።

ሳቅኩ። ብቻዬን፣ እንደ ዕብድ። አሮጊት ሆነሽ ከጌም ጋር ስትደራደሪ ማንም ባላየሽ አልኩ። ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ፤ ሁለቱ በስብሰው ሲመጡ የሚሞቅ ነገር እንዲያገኙ ብዬ ሦስት ብርጭቆ አወጣሁ።

ውሃው ገና ሳይፈላ በሩ ተጫረ።

አውቀዋለሁ ያን ጭረት። ከታች፣ በግራ በኩል፣ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ። ከፈትኩ። አመዴ ናት። እስከ አጥንቷ ርሳ፣ ጭቃ ለብሳ፣ ጆሮዋ እንደተቆረጠ። በእግሬ መሃል አልፋ ገባች፤ ወደ ሳህኗ አልሄደችም። ዘልላ ልጄ ወንበር ላይ ወጣችና ተጠቀለለች። ከዚህ በፊት ያ ወንበር ላይ ተኝታ አታውቅም።

«አንቺ ዟሪ! አንቺ መንገደኛ! ዘጠኝ ቀን የት ነበርሽ?» እያልኩ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። የማደርቅበት ጨርቅ ልፈልግ የክር ቆርቆሮዬን ስከፍት የታጠፈችው ወረቀት ወደቀች። ወለሉ ላይ የተከፈተችው በጀርባዋ ነው።

«እማ፣ አሸነፍሽ። ለአንቺ ስል ማቀያየሪያውን ከአንድ አስጀምሬዋለሁ። ሽቦ አንድ፣ አመዴ ሁለት፣ አባዬ ሦስት፣ እኔ አራት፣ አንቺ አምስት። እንግዲህ ኩርፊያሽን ተዪና እርሳስሽን አንሺ።»

አነበብኩት። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ግን አንዴ ያነበብኩትን ሁለተኛ አላነብም። ሁለትና አራት ነው የጻፍኩት። ሁለት አመዴ ናት። አራት ልጄ ናት። ድመቷን ከጉድጓዱ አውጥቼ ልጄን በቦታዋ አስቀምጫለሁ፤ የቀረ ሰው ቦታ ላይ። ካፒቴንን ደግሞ እዚያው ተራው ላይ፣ ከነቢጫ ባርኔጣው ትቼዋለሁ። እኔ መጨረሻ ነኝ፤ ፋኖሱን የምይዘው።

ኮምፒውተሩን አሥሬ ተጫንኩት። የሞተ ዕቃ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ነቅዬ ሰካሁ። አምፖሉን ለምን እንደሆነ አላውቅም በጨርቅ ጠረግኩት። ምስል ነው አልኩ። እሷ ራሷ ብላለች፣ ምስል እኮ ነው። ስልኬን አንሥቼ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል። ውሃው ፈልቶ ክዳኑ ይንደቀደቃል፤ አላጠፋሁትም። ሻርቤን ከምስማሩ አወረድኩ፣ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ አስገባሁ።

የታችኛው በር ተከፈተ።

ቆምኩ። ጫማ በአንድ እግሬ እንዳለ። በሩን አልከፈትኩም፤ ሳልከፍት አውቃለሁ። ደረጃው ይነግረኛል።

አንድ።

ሁለት። እንግዲህ ልጄ አይደለችም፤ እሷ አንድን አትረግጥም። ደክሟት ይሆናል አልኩ። ርሳ ከብዷት ይሆናል።

ሦስት። በጣም ቀስ ያለ ነው። በየመሃሉ አንድ ሌላ ድምፅ አለ፤ እንጨት በእንጨት ላይ።

አራት። ካፒቴን ከሆነ አሁን ይዘላል። ዝለል፣ አልኩት በሆዴ። ዝለል የኔ ጌታ፣ እንደ ልማድህ።

አምስተኛው ደረጃ አቃሰተ።

ከእኔ ሌላ አምስተኛውን የሚረግጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው ቤታችን ውስጥ፤ እሱም አምስት ሳምንት ሙሉ ወደ እኛ አልወጣም። ሻይ ሲያምረው አንዴ ይደበድባል፤ ሌላ ነገር ሲፈልግ ሁለቴ ይደበድባል፤ እኔ ነኝ የምወርደው። በተሰበረ እግር አሥራ አራት ደረጃ የሚያስወጣ ምን አለ? ኤሌክትሪኩን ሊያይልኝ ይሆናል። አመዴን አይቶ ሊያበስረኝ ይሆናል። ሽቦ እኮ ወሬ አይችልም፤ ገና ከታች ጀምሮ «እትዬ! እትዬ!» እያለ ነው ወሬ የሚያመጣው።

ስድስት። ሰባት። ስምንት። አፉን አልከፈተም።

አሥር ላይ አረፈ። ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ ወይም ሲያለቅስ፤ በበር ውስጥ ሁለቱ አንድ ናቸው። አመዴ ወንበሩ ላይ ቀና አለች። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ምርኩዙ ተንሸራቶ ግድግዳውን ጫረ። አሥራ ሦስት።

አሥራ አራት።

እጄ እጀታው ላይ ነው። እሱም እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ አውቃለሁ፤ ጣውላው ከብዶታል። አያንኳኳም።

«እትዬ» አለ። ድምፁ የሱ አልነበረም። «እትዬ፣ ክፈቺልኝ።»

«ቆይ» አልኩት።

«እትዬ...»

«ቆይ አልኩህ አንተ! አንዱን ደረጃ ስቼዋለሁ። ውረድና እንደገና ውጣ። ከመጀመሪያው ልቁጠረው።»